እማዬ «ይቅርብኝ» ስትል፦ ወላጆችን ክትባት ቀጠሮ ላይ የማድረስ መላ

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ማታ እናቴ ጋ ደውዬ «ቀጠሮሽ ቅዳሜ 3 ሰዓት ነው፣ መጥቼ እወስድሻለሁ» አልኳት። «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ዘጋችው። ቅዳሜ ከሰዓት 2፡30 ላይ ስደርስ የአፓርታማው መግቢያ ሶፋ ላይ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ከመቼ ጀምሮ? ከጠዋቱ 8፡30። እኔ የተናገርኩት በአሜሪካ ሰዓት፣ እሷ የሰማችው በሐበሻ ሰዓት። የጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ እዚህ 9፡00 ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስትጠብቀኝ አንዴ እንኳ አልደወለችም። ለምን ብላት «ሥራ ላይ ትሆናለህ ብዬ ነዋ» አለችኝ። ተወግታ ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀስ ብላ «ሁለተኛው እንኳ ይቅርብኝ» አለች።

ይቺን «ይቅርብኝ» ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እኔ ለረጅም ጊዜ እናቴ ክትባት የምትፈራ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ መርፌው ግድም አልሰጣት፣ ስንት ልጅ የወለደች ሴት ናት። የምትፈራው ልጇን ከሥራ ማስቀረት፣ የማታውቀው አውቶቡስ፣ ፋርማሲ ውስጥ በማታውቀው ቋንቋ የምትጠየቀው ጥያቄ ነው። እነዚህን ደግሞ አፍ አውጥታ አትናገርም። ስለዚህ «ይቅርብኝ» ስትባሉ ስለ ክትባት ጥቅም ሌክቸር አትጀምሩ። «በምን ትሄጃለሽ? ማን ያናግርሻል?» ብላችሁ ጀምሩ።

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ስለዚህ የምነግራችሁ የሜሪላንድን፣ የዲሲንና የቨርጂኒያን ነገር ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የፕሮግራሞቹ ስም ሊለያይባችሁ ይችላል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ድሮ ከነበረው አሁን በጣም ቀሏል፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። በ2021 መጀመሪያ የኮቪድ ክትባት ለአረጋውያን ሲከፈት ቀጠሮው በኢንተርኔት ነበር፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ። ሜሪላንድ ውስጥ ከትልልቆቹ የክትባት ጣቢያዎች አንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የነበረው የሲክስ ፍላግስ መጫወቻ ግቢ ነበር። መኪና የሌላቸው የ78 ዓመት አባት እዚያ በምን ይድረሱ? ልጅ ያላቸው ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ያዘላቸው፣ የሌላቸው ጠበቁ። አሁን ግን የጉንፋኑም፣ የኮቪዱም፣ የሺንግልሱም (የአልማዝ ባለጭራው) ክትባት ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ አለ። የቀረው ከቤት እስከ ፋርማሲው ያለው መንገድ ነው።

ቦታውን እሷ ከምታውቀው ምረጡ

አብዛኞቻችን ቀጠሮ የምንይዘው ለእኛ በሚመች ቦታ ነው። ከሥራችን አጠገብ፣ ወይም ድረ ገጹ መጀመሪያ ያወጣልን ቦታ። ተዉት። እናታችሁ ብቻዋን የምትሄድበትን መንገድ አስቡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትይዘው አውቶቡስ አለ? እንጀራ የምትገዛበት ሱቅ አጠገብ ፋርማሲ አለ? ዘወትር አስቤዛ የምትሸምትበት ሱፐርማርኬት ውስጥስ? የእኔዋ የምታውቀው አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው፣ እሱ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ደግሞ ፋርማሲ ያለው ሱፐርማርኬት አለ። ይሄን እስካስተውል ሁለት ዓመት ሙሉ 20 ደቂቃ እየነዳሁ ሌላ ቦታ ስወስዳት ነበር። ሞኝነቴ!

ወላጆቻችሁ ቀን ቀን የአረጋውያን ዴይ ኬር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። በጉንፋን ወቅት ፋርማሲስት ራሱ እየመጣ የሚከትብባቸው ማዕከሎች አሉ። ከቤት የሚያመላልሳቸው መኪና አለ፣ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛም አይጠፋም። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ገንዘቡን ቀድማችሁ ጨርሱ

«ስንት ያስከፍሉሃል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በፊት ይመጣል፣ ስለዚህ መልሱን ይዛችሁ ግቡ። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ካላቸው የጉንፋን፣ የሳምባ ምችና የኮቪድ ክትባት በፓርት ቢ፣ ማለትም በሕክምናው ክፍል፣ ያለ ክፍያ ነው። የሺንግልስ፣ የቴታነስና የአርኤስቪ (የመተንፈሻ አካል ቫይረስ) ክትባት ደግሞ በፓርት ዲ፣ ማለትም በመድኃኒቱ ክፍል ነው፣ ከ2023 ጀምሮ እሱም ከኪስ አያስወጣም። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው አዋቂዎችም የሚመከሩላቸውን ክትባቶች ያለ ክፍያ ያገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ የምታደክም ነገር አለች። በፓርት ዲ የሚሸፈነውን ክትባት ብዙ የሐኪም ቢሮዎች በቀጥታ ማስከፈል ስለሚከብዳቸው «ፋርማሲ ሂዱ» ይሏችኋል። ይሄን ሳታውቁ እናታችሁን ዶክተር ጋ ወስዳችሁ፣ አስጠብቃችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ያኔ «ይቅርብኝ» መባሉ አይቀርም፣ እውነትም አላቸው። ለሺንግልስ ከሆነ በቀጥታ ፋርማሲ ሂዱ።

በቅርብ የመጡና ገና ኢንሹራንስ የሌላቸው ወላጆች ካሏችሁ የካውንቲውን የጤና ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ። በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚከተቡበት መንገድ ይኖራል።

መኪና

እናንተ መንዳት ካልቻላችሁ ኡበር ወይም ሊፍት ከራሳችሁ ስልክ ላይ ለሌላ ሰው ማዘዝ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው መውጫው ላይ ነው። ሾፌሩ በኋላ በር ይቆማል፣ እማማ በፊት በር ይጠብቃሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ የትኛው በር እንደሆነ ለሾፌሩ ጻፉለት፣ የመኪናውን ቀለምና የታርጋውን መጨረሻ ቁጥሮች ደግሞ ለእሳቸው በስልክ ንገሯቸው። ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ሾፌሩ ሐበሻ የመሆን ዕድሉ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ እናቴን የወሰዳት ልጅ መኪናውን አቁሞ እስከ ፋርማሲው በር ደግፎ አስገብቷት፣ እሷም ለአንድ ሳምንት ስትመርቀው ከረመች።

ሜዲኬይድ ካላቸው ወደ ሕክምና ቀጠሮ የሚያመላልስ መኪና የማግኘት መብት አላቸው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም! ሜሪላንድ ውስጥ የምትደውሉት ለካውንቲው ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ ከሆናችሁ የሜዲኬይድ ካርዱ ጀርባ ላይ ካለው ቁጥር ጀምሩ። ከሐኪም የሚሞላ ፎርም ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አትደውሉ።

በአካል ጉዳት ምክንያት አውቶቡስና ባቡር መጠቀም ለማይችሉ ደግሞ ሜትሮአክሰስ የሚባል የሚያመላልስ መኪና አለ። ማመልከቻው ላይ የጤና ባለሙያ የሚሞላው ክፍል አለው፣ በአካል ቀርቦ መታየትም ይጠይቃል፣ የተሟላ ማመልከቻ ገብቶ በ21 ቀን ውስጥ ካልወሰኑ ደግሞ በሕግ እስኪወስኑ ድረስ መጠቀም ይቻላል። ለአንድ ክትባት ብላችሁ ከሆነ ይረዝማል። ግን አንዴ ካለቀ ለሐኪሙም፣ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለለቅሶውም ያገለግላል፤ ደጋፊ ሆኖ አብሮ የሚሄደው ሰውም አይከፍልም። እኔ አንድ ክረምት ቁጭ ብዬ ሞላሁት፣ አልቆጨኝም።

ከቤት ጨርሶ መውጣት የማይችሉ ካሉ ሐኪማቸውን «ቤት መጥቶ የሚከትብ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሜዲኬር የጉንፋን፣ የሳምባ ምችና የኮቪድ ክትባት ቤት ድረስ ሲሰጥ ይከፍላል።

ቋንቋው

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክና ፋርማሲ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ሰው ይዛችሁ ኑ» ማለት አይችሉም። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሱ የቋንቋ ሕግ አለው፣ አማርኛም ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው አስተርጓሚውን በስልክ መስመር ማስገባት ነው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

እናቴን ያስጠናኋት አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ»። መጀመሪያ ሳቀች። «ፕሊሷን ብቻ ብላቸውስ?» አለችኝ። አሁን ግን ሳይጠይቋት ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ቀድማ ትላቸዋለች። የ10 ዓመት የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትላኩ ደግሞ። ልጁ «አለርጂክ» የሚለውን በአማርኛ አያውቀውም፣ አያቱም ስለ ሕመማቸው እሱ ፊት አይናገሩም።

ሌላው ስምና የልደት ቀን ነው። እዚህ ነገር ላይ የሚባክነው ጊዜ! እናታችሁ ስሟን ስትጠየቅ የራሷንና የአባቷን ትላለች፣ ካርዱ ላይ ግን የመጨረሻ ስም ሆኖ የገባው የአያቷ ሊሆን ይችላል። የልደት ቀኗንም በእኛ አቆጣጠር ነግራቸው «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይሏታል። ስለዚህ ትንሽ ካርቶን ላይ ልክ በሜዲኬር ካርዷ ላይ እንዳለው ስሟን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የልደት ቀኗን፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የማይስማማት (አለርጂ የሚሆንባት) መድኃኒት ካለ እሱን፣ ከታች ደግሞ የእናንተን ስልክ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ቦርሳዋ ውስጥ ይቀመጥ። ሲጠይቋት አውጥታ ትሰጣቸዋለች፣ አለቀ።

የቀጠሮ ማስታወሻ የሚላክበት ስልክም የእናንተ ይሁን። እሷ ጋ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ቴክስት ሳይነበብ ይቀራል፣ የማታውቀውን ቁጥር ደግሞ አታነሳም። «አታንሺ» ብለን ያስተማርናትም እኛው ነን።

ቀኑን ስትመርጡ

ሰዓቱን በሁለቱም ንገሩ፦ «በእኛ 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10፡00፣ ጠዋት»። ከዚያ መልሳችሁ አስደግሟት። ቀኑንም ከቤተ ክርስቲያን ካላንደሩ ጋር አያይዙት። «ኖቬምበር ምናምን» የሚለው ይረሳል። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» ካላችኋት ግን እናንተ ብትረሱ እሷ ታስታውሳችኋለች።

የጾም ቀን ላይ ለክትባቱ የሚከለክል ነገር የለም፣ ባዶ ሆድ ሆኖ መከተብም ችግር የለውም። መንገዱ ነው የሚያደክመው። እስከ 9 ሰዓት (በፈረንጅ 3፡00) ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉ፣ በዚያ ላይ አውቶቡስ ጥበቃ ቆመው ራሳቸውን ቢያዞራቸው ጥፋቱ ለክትባቱ ይሰጣል። የጉንፋን ክትባት ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም ከኅዳር አጋማሽ በፊት፣ ረቡዕና ዓርብ ባልሆነ ቀን ብታደርጉት ይሻላል። «ጸበል ላይ ነኝ» ካሉ አትከራከሩ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩና ከዚያ ቀን ያዙ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ በረመዳን የሚያደርጉት ከኢፍጣር በኋላ ነው፣ አምሽቶ የሚዘጋ ፋርማሲ መርጠው።

ልብስ! ይሄን ማንም አይነግራችሁም። እጅጌው ጠባብ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ እስከ ትከሻ አይሰበሰብም። ፋርማሲ ውስጥ መጋረጃ ቢጤ ጥግ ላይ እናቴ ግማሽ ልብሷን ለማውለቅ ስትታገል አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከውስጥ አጭር እጅጌ፣ ከላይ ሹራብ። ነጠላው ይኑር፣ እሱ አያስቸግርም።

ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ መቀመጥ አለባቸው። ትልልቅ ሰዎች ቶሎ ተነስተው መሄድ ይፈልጋሉ፣ «ሰው አስቸገርን» ብለው። አብራችኋቸው ተቀመጡና ወሬ አምጡ።

ሺንግልስ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ እውነቱን ንገሩ፦ ክንድ ያማል፣ ትኩሳትና ድካም ለሁለት ሦስት ቀን ሊኖር ይችላል። ሳይነገራቸው ትኩሳት ከመጣ ሁለተኛውን አይወስዱም፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ካደረጋችሁት ማታ አብሯቸው የሚያድር ሰው አይጠፋም። እሑድ ቅዳሴ ሊያመልጣቸው እንደሚችል ግን ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ይቀየሟችኋል። የጉንፋንና የኮቪዱን ባንድ ቀን መውሰድ ይቻላል፣ አንድ ጉዞ ያተርፍላችኋል። የሺንግልሱን ሁለተኛ ዶዝ ከፋርማሲው ሳትወጡ እዚያው ቀጠሮ ያዙ፣ «በኋላ እንደውላለን» ካላችሁ ቀረ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የጎረቤት በር አንኳኩ። እናቴ ፎቅ ላይ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት የሆኑባቸው አንድ እናት አሉ። ዘንድሮ ለጉንፋኑ ስንሄድ «ክትባት ወስደዋል?» ብላቸው «እኔስ ይቅርብኝ» አሉኝ። «መኪናው ውስጥ ቦታ አለ» አልኳቸው። ጫማቸውን እስኪያደርጉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።