የግል የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ለመክፈት፦ ሂሳቡ፣ ክፍሉና ውሉ

የሙያ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባና የሙያ ኃላፊነት መድን ሳይሟሉ አንድም ሰው አይቀበሉ። ለቢሮው ራሱን የቻለ የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ፤ የቤትና የሥራ ገንዘብ ከተደባለቀ በግብር ሰሞን መለየቱ ጭንቅ ነው።

ተገልጋይ ሞልቶለትም የሚከስር ቢሮ አለ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዋጋ አተማመኑ ላይ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩም 40 ሰው አያዩም። ማስታወሻ መጻፉ፣ ስልክ መመለሱ፣ ሂሳብ መያዙ ጊዜ ይበላል፤ ደግሞም ከ20 እስከ 25 ክፍለ ጊዜ ሲያልፍ ጆሮም ልብም ይዝላል። በሳምንት 18 ቀጠሮ ይዘው 15ቱ ቢመጡና በዓመት 46 ሳምንት ቢሠሩ፣ የሚከፈልበት ክፍለ ጊዜ 690 ነው። ኪራይ፣ መድን፣ ግብር፣ ሥልጠና፣ ሱፐርቪዥን (ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራዎን አይቶ የሚመክርበት) እና የራስዎ ደመወዝ ተደምሮ ለ690 ይካፈል። 40ን በ52 አባዝቶ ለ2080 ያካፈለ ሰው ዋጋውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። በቅናሽ የሚያዩአቸው ካሉ (ቢኖሩ ደግ ነው) ቁጥራቸውን አስቀድመው ይወስኑ፤ ልዩነቱም ስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ክፍል ከመከራየትዎ በፊት አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በሩን ዘግቶ እንደወትሮው ያውራ፣ እርስዎ መጠበቂያው ወንበር ላይ ሆነው ያዳምጡ። ቃላቱ ከተለዩ ምስጢር የለም። ድምፅ በብዛት የሚያመልጠው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ስለሆነ ጎማ ይለጠፍበት፤ ውስጡ ባዶ የሆነ በር በድፍን እንጨት ይቀየር። ወንበሮቹን ፊት ለፊት ከማፋጠጥ ትንሽ ሰያፍ ያድርጓቸው። የግድግዳው ሰዓት ከተገልጋዩ ጀርባ፣ አንገትዎን ሳያዞሩ በሚያዩበት ቦታ ይሰቀል። እያለቀሰ ላለ ሰው የአማካሪው ዓይን ወደ እጅ ሰዓት ሲወርድ ማየት ያቆስላል።

የስምምነት ቅጹ በመጀመሪያው ቀን ይፈረም፤ ከማስፈረምዎ በፊት ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡላቸው። ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ መሆኑን (ቀሪው 10 ለማስታወሻ ነው)፣ 24 ሰዓት ሳይቀረው የተሰረዘ ቀጠሮ እንደሚከፈልበት፣ ምስጢር የማይጠበቅባቸውን ሁኔታዎችም ይያዝ፦ የሕይወት አደጋ፣ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጥቃት፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ ሌላም የአገሩ ሕግ የሚያዘው። ክፍያ በየቀጠሮው ይጠናቀቅ። ገንዘብ መጠየቅ አሳፍሯችሁ የሦስት ቀጠሮ ዕዳ ከተጠራቀመ፣ ሰውየው አፍሮ በአራተኛው ሊቀር ይችላል፤ ሕክምናውም እዚያው ይቋረጣል።

ድንገት ቢታመሙ ለተገልጋዮችዎ የሚደውል ባልደረባ ይምረጡ፤ ስሙ በቅጹ ላይ ይጻፍ፣ የፋይል ካቢኔቱ ቁልፍ የት እንዳለም ይወቅ።