ከፍ ያሉ መስኮቶችን ለማጽዳት የሚያገለግል የሚሳብ ዘንግ አመራረጥ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ፣ በአያት፣ በለቡ፣ በጀሞና በለገጣፎ አካባቢ የሚሠሩት ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ሰፋፊ መስታወት ይገጠምላቸዋል፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ግን በብዙ ቦታ ገና አፈርና ጠጠር በመሆኑ፣ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ አቧራው በመስኮቱ ላይ መጋገር ይጀምራል። አጣና ላይ ጨርቅ አስሮ መጥረግ የተለመደ ቢሆንም፣ አጣናው ከባድ ነው፤ ጨርቁም ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ አያነሣም። በመሰላል ከመውጣት ይልቅ መሬት ላይ ቆሞ፣ ክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ውስጥ እየተሳቡ በሚረዝም ዘንግ መሥራት እጅግ የተሻለ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ዘንጉ ለቤቱ ተስማሚ ሲሆን ነው።

ከሁሉ በፊት ቀና ብለው የኤሌክትሪክ መስመሩን ይመልከቱ። በከተማዋ ምሰሶዎች ላይ የሚያልፈው የማከፋፈያ መስመር 15 ሺህ ቮልት ሊሸከም ይችላል፤ በዳር ሰፈሮች ደግሞ ምሰሶው አጥር ሥር ቆሞ ሽቦው በግቢ ጥግ ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዘንጎቹ ከሚሠሩባቸው ነገሮች አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ካርቦን ፋይበርም እንዲሁ ያስተላልፋል፣ ብረት ስለማይመስል ግን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ፋይበር ግላስ የማያስተላልፈው ደረቅና ንጹሕ ሲሆን ነው፤ በጽዳት ሰዓት ግን የሳሙና ውሃ በዘንጉ ላይ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ በአካባቢው ሽቦ ካለ ፋይበር ግላስ ይምረጡ። ይህም ሆኖ ተዘርግቶ የቆመው ዘንግ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ከሽቦው ቢያንስ 3 ሜትር የማይርቅ ከሆነ፣ ያን መስኮት ከውስጥ ያጽዱት እንጂ ዘንግ አይግዙለት። ቤት በማሠራት ላይ ያለ ሰው በመስመሩ አቅጣጫ ያሉት መስኮቶች ወደ ውስጥ የሚከፈቱ እንዲሆኑ አሁኑኑ ቢያስደርግ ብዙ ጭንቀት ይቀንስለታል።

ርዝመቱን በግምት አይወስኑ። አንድ ሰው ከላይኛው መስኮት ሆኖ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ እስከ መሬት ይልቀቅ፤ በዚያ ልኬት ላይ የመስታወቱን ቁመት ይደምሩ። ድምሩ 6 ሜትር ቢሆንና ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ርቀው ቢቆሙ፣ የዘንጉ ታችኛ ጫፍ በወገብ ልክ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚያዝ፣ የሚያስፈልገው ርዝመት 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ የ6 ሜትር ዘንግ ይበቃል፤ ትርፉ ርዝመት የመጨረሻው ክፍል እስከ ጫፉ ሳይሳብ ከሌላው ጋር ተደራርቦ እንዲቀር ያስችላል።

«ለማንኛውም» ብሎ የ9 ሜትር ዘንግ መግዛትን አልመክርም። የዘንግ ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ፣ ጫፉ ላይ ያለው ያው ክብደት ዘንጉን የሚያጎብጠው ስምንት እጥፍ ያህል ነው። የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚገጠመውን የመጥረጊያ ጎማ ከመስታወቱ ጋር እኩል ስለማያስጠጋው፣ ክንድ እየዛለ መስመር መስመር የወጣ መስታወት ይቀራል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ደጅ አውጥተው ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት፤ መጥረጊያውን ጫፉ ላይ አድርገው ያዘንብሉትና እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ይመልከቱ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ዘንግ ብዙ ክፍሎች ካሉት ይልቅ ይጠነክራል፤ ክፍሎቹ ሲሰበሰቡ ግን ረጅም ስለሚሆን ማስቀመጫ ቦታውን አስቀድመው ያስቡ።

የተሳቡትን ክፍሎች የሚይዘው ማጥበቂያ እየተጠመዘዘ ወይም በማንሻ እየተነከሰ የሚቆለፍ ሊሆን ይችላል። አቧራ በሚበዛበት ሰፈር ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሚጠመዘዘው አሸዋ ሲገባበት ወይ አልላቀቅ ይላል ወይ ይንሸራተታል፣ በእርጥብ እጅም አይጠብቅም። ባለ ማንሻው ሲላላ በብሎኑ ሊጠብቅ ይችላል።

አጥሩ ለግድግዳው ቅርብ በሆነበት ጠባብ መተላለፊያ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ አንገቱ የሚታጠፍ መጥረጊያ የግድ ያስፈልጋል። መጥረጊያው የሚጠመዘዝበት የዘንጉ ጫፍ ጥርስ ልክ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ቤት ያለውን ብሩሽና መጥረጊያ ይዘው ሄደው ከመክፈልዎ በፊት ዘንጉ ላይ ይግጠሟቸው። ፋይበር ግላስ የገዛ ሰው ዘንጉን ጥላ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አካባቢ ፀሐዩ ላዩን ሲበላው ቃጫው እየተላጠ እጅ ይወጋል።