ምድር ቤት ለተከራየ ሰው የሚሆን የኔትወርክ ገመድ

አሜሪካ በገባሁ ሰሞን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተከራይቼ ነበር። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ያለው ግን ላይ ቤት፣ አከራዬ ሳሎን ውስጥ፣ ከረከቦቱ ጎን ነው። ዋይፋዩ ወለሉን አልፎ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ነፍሱ ትወጣለች። የመጀመሪያውን የሥራ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ስሰጥ ፊቴ አፉን እንደከፈተ ሦስት ጊዜ ደርቆ ቀረ። አከራዬ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ልጄ፣ በደረጃው በኩል ገመድ አታወርድም?» አሉኝ።

ሱቅ ስገባ መደርደሪያው ላይ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 6ኤ፣ ካት 7፣ ካት 8 የሚባሉ የገመድ ደረጃዎች ተሰልፈዋል። ቁጥሩ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። ትልቁ ቁጥር ይሻላል ብዬ ካት 8 ገዛሁ። ወፍራምና ግትር በመሆኑ በደረጃው መታጠፊያ ላይ እንደ በትር ቆመ። ለካስ የተሠራው ለመረጃ ማዕከላት ነው፤ በሰከንድ እስከ 40 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ ያውም እስከ 30 ሜትር ብቻ። የአከራዬ የኢንተርኔት ውል ግን በሰከንድ 300 ሜጋቢት ነበር፤ 1 ጊጋቢት 1000 ሜጋቢት ነው። ቧንቧው ስለሰፋ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ አይጨምርም።

ለቤት ላፕቶፕ ካት 5ኢ ይበቃል፤ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል። ካት 6 ብዙ ጊዜ በዋጋ እምብዛም ስለማይለይ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ከ55 ሜትር በታች ከሆነ 10 ጊጋቢት እንኳ ይሸከማል። ካት 7 የሚል ጽሑፍ አያጓጓዎት፤ የአሜሪካው የኬብል መስፈርት አውጪ ቲአይኤ ጨርሶ አልተቀበለውም። ከቁጥሩ ይልቅ የሽቦውን ዓይነት ይመልከቱ። ማሸጊያው ላይ ሲ፣ ሲ፣ ኤ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። ንጹሕ መዳብ የሚለውን ይግዙ።

ካት 8ቱን መለስኩት። አገር ቤት የገዙትን ዕቃ ይዞ መመለስ ጠብ ይመስላል፤ እዚህ ግን ነውር የለውም። ደረሰኙን ብቻ አይጣሉ።

ገመዱ በእጅዎ ከመግባቱ በፊት ላፕቶፕዎን ገልብጠው ይዩ። ስስ የሆኑት አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ የላቸውም፤ ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ያስፈልጋል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ገመድ ገዝቶ ርካሽ አዳፕተር ይሰካበታል። አዳፕተሩ ላይ 10/100 ብቻ ከተጻፈ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። 1000 የሚል ቁጥር ያለበትን፣ ዩኤስቢ 3 የሆነውን ይፈልጉ፤ ዩኤስቢ 2 ራሱ ጣሪያው 480 ሜጋቢት ነው። ግድግዳ ላይ የምታገኟት ጠበብ ያለች ቀዳዳ ደግሞ የድሮ ስልክ መስመር ልትሆን ስለምትችል ገመዱን በግድ አይሰኩባት።

ርዝመቱን በዓይን አይገምቱ። እኔ በሲባጎ ለካሁ፤ ከራውተሩ ተነሥቼ፣ ግድግዳውን ታክኬ፣ ደረጃውን ተከትዬ፣ በበሩ ዙሪያ አድርጌ እስከ ጠረጴዛዬ። በቀጥታ ሲታይ 20 ጫማ የሚመስለው 41 ጫማ ሆነ። ገመድ እዚህ የሚሸጠው በጫማ ነው፤ 50 ጫማ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል።

አከራዬ ግን ገንዘቤ አሳዝኗቸው ከኩሽና መሳቢያ አንድ አሮጌ ገመድ አወጡልኝ። ልባሱ ላይ ካት 5ኢ ይላል፣ ርዝመቱም ይበቃል። ሰካሁት፣ ኢንተርኔቱ መጣ፣ ደስ አለን። ማታ ፍጥነቱን ስለካው ግን ከ94 ሜጋቢት ፈቀቅ አልል አለ። ቤቱ የሚከፍለው ለ300 ነው። ሁለት ቀን ኢንተርኔት አቅራቢውን ድርጅት ስረግም ከረምኩ።

ጥፋቱ የገመዱ ነበር። በልባሱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ ሹሩባ ተገምደዋል። ለ1 ጊጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ሜጋቢት ግን አራቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ከቀሩት አራቱ አንዷ ስትበጠስ ኢንተርኔቱ አይጠፋም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ተስማምተው ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። መስመሩን በጣቴ እየዳበስኩ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ጠፍጥፏል፤ ምናልባት ዓመታት የሶፋ እግር ቆሞበት ይሆናል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኤተርኔት ውስጥ ገብተው «ሊንክ ስፒድ» የሚለውን ያንብቡ። 1000 ማለት ሲገባው 100 ካለ፣ ስልክ ደውለው ከመጣላትዎ በፊት ገመዱንና አዳፕተሩን ይለውጡ።

ባለ 50 ጫማ ካት 6 ገዝቼ ገባሁ። ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለይቶ ወይም በሌላ ቀለም የሚገኘው ቀዳዳ ኢንተርኔቱን ከውጭ ከሚቀበለው ሳጥን፣ ከሞደሙ፣ ለሚመጣው መስመር ነው፤ የእርስዎ ገመድ ከተደረደሩት ከአንዱ ላይ ይሰካል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ቀጭ ብላ ካልያዘች አልገባም ማለት ነው። ምላሷ የተሰበረች ገመድ ዛሬ ብትሠራም፣ ነገ ስብሰባ መካከል ሸርተት ብላ ትወጣለች።

ግድግዳ ለመብሳት ካሰቡ አከራይዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ቀዳዳው ሲለቁ ከማስያዣዎ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። እኔ ገመዱን በሚለጠፉ ትናንሽ ማያዣዎች ከደረጃው ጠርዝ ጋር አጣበቅሁት፤ አከራዬ ቡና ይዘው ሲወርዱ እግራቸውን እንዳይጠልፋቸው።