ከኒኬል ወደ ሊፖ ባትሪ ስትቀይሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሪሞት መኪና ወይ ጀልባ ያላችሁ ሰዎች አብሮ የመጣው ባለ 7.2 ቮልት ኒኬል ባትሪ ቶሎ ሲደክምባችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ሊፖ አድርግበትና ተገላገል" የሚል ነው። ምክሩ ልክ ነው፣ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ይቀላል፣ ጉልበቱም ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ብዙም አይወርድም፣ ገና ፍጥነት ስትሰጧት ነው ልዩነቱ የሚታወቃችሁ። ችግሩ ሰው ባትሪውን ብቻ ገዝቶ መግባቱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ባትሪው መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው፣ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀር ላይ አውሉት።

በድሮው ቻርጀር ቻርጅ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቀልድ የለውም እሳት ነው የሚያመጣው። የኒኬል ቻርጀር ባትሪው መሙላቱን የሚያውቀው ቮልቴጁ ሲሞላ ትንሽ ወደ ታች ስለሚል ነው፣ እሷን መውረድ ጠብቆ ያቆማል (ርካሾቹማ እሱንም አያዩ፣ ዝም ብለው ይሰጣሉ)። ሊፖ ደግሞ ሲሞላ እንደዛ የሚወርድ ነገር የለውም፣ ስለዚህ ቻርጀሩ የማይመጣ ምልክት እየጠበቀ ይገፋል ይገፋል፣ ሴሉ (ባትሪው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ክፍል) ከ4.2 ቮልት አልፎ ያብጣል ከዛ ይጨሳል። የሊፖ ቻርጀር አሠራሩ ሌላ ነው፣ በአንድ ሴል 4.2 እስኪደርስ እኩል ከረንት ይሰጥና እዛ ሲደርስ ቮልቴጁን ይዞ ከረንቱን እየቀነሰ እየቀነሰ ይዘጋል። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ብላችሁ እንዳትሰኩ።

ትክክለኛውን ቻርጀር ገዝተውም የሚሳሳቱ አሉ። ከባትሪው የምትወጣውን ቀጫጭን ገመድ ያላት ነጭ ሶኬት አይታችኋል አይደል፣ ባለ 2 ሴሉ ላይ 3 ገመድ ናት፣ ባለ 3ቱ ላይ 4። እሷ ባላንስ ማድረጊያዋ፣ ማለትም ሴሎቹን እኩል የምታደርገው ናት፣ ብዙ ሰው ወፍራሙን ገመድ ብቻ ሰክቶ እሷን ይተዋታል። እስቲ አስቡት፣ ቻርጀሩ ጠቅላላውን 8.4 ቮልት አይቶ ሞላ ይላል፣ ውስጡ ግን አንዱ ሴል 4.1 ሌላኛው 4.3 ሊሆን ይችላል። ድምሩ ልክ ነው፣ አንዱ ሴል ግን እየተቃጠለ ነው። ስለዚህ ሁሌ ባላንስ ላይ አድርጉት።

ሁሉን ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ሜኑው ላይ የመረጣችሁትን ሁለቴ እዩ፣ በሴል ሊፖ 4.2 ነው፣ ላይፍ የሚባለው ሌላው የሊቲየም ዓይነት 3.6 ነው፣ ሊፖ ኤችቪ (ከፍተኛ ቮልት ሊፖ) 4.35 ነው፣ አንዱን ባንዱ ቦታ ካደረጋችሁ አለቀ። አምፒሩንም እንደዛው፣ ባትሪው ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ባለ 5000 ሚሊአምፒሩን በ5 አምፒር፣ ባለ 2200ውን በ2.2፣ ከዛ በላይ አትሂዱ። እና ሰክታችሁ እንዳትተኙ፣ ከቤትም እንዳትወጡ።

ኢኤስሲውን ሳይነኩ ባትሪውን መሰካት

ሞተሩን የሚያዘው ኢኤስሲ የትኛው ባትሪ እንደገባለት በራሱ ላያውቅ ይችላል። ኒኬል ሞድ ላይ ከተተወ ባትሪው እስኪሞት ይመጠዋል፣ ለኒኬል ብዙም ችግር አይደለም፣ ሊፖ ግን አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ተጎዳ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዛ በኋላ ያብጣል። አንዳንዱ ኢኤስሲ ላይ ትንሽዬ ነቅለው የሚሰኳት ጃምፐር አለች፣ አንዳንዱ በበተን ነው፣ አንዳንዱ በፕሮግራም ካርድ፣ ማኑዋሉን አውጡና ሊፖ ሞድ አድርጉት፣ ማቋረጫውን በሴል 3.2 ቮልት አካባቢ ብታደርጉት ጥሩ ነው።

"እኔ መኪናዋ ስትደክም አቆማለሁ" የሚል ሰው አለ። ኒኬል ላይ ያስኬዳል ምክንያቱም ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። ሊፖ ግን ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በአንዴ ነው የሚወርደው፣ ደከመች ስትሉ ረፍዷል። ኢኤስሲያችሁ አሮጌ ሆኖ ሊፖ ሞድ ከሌለው ነጯ ሶኬት ላይ የምትሰካ አላርም አለች፣ አንዱ ሴል ሲወርድ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ትጮሃለች፣ ርካሽ ናት ግን ባትሪ ታድናለች። ጀልባ ላይ ግን አትተማመኑባት፣ መሀል ውሃ ላይ ሆና ብትጮህ ማን ይሰማታል።

ቮልት ሳያሰሉ 3ኤስ (ባለ 3 ሴል) መግዛት

6 ሴል ኒኬል 7.2 ነው፣ 2ኤስ ሊፖ 7.4 ነው፣ እኩያው እሱ ነው። 3ኤስ 11.1 ነው፣ ሲሞላ 12.6 ይደርሳል። ብራሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ሞተራችሁ 3000 ኬቪ ከሆነ፣ ማለትም በየ1 ቮልቱ በደቂቃ 3000 የሚዞር ከሆነ፣ በ7.4 ቮልት ያለ ጭነት በደቂቃ ወደ 22,200 ይዞራል፣ በ11.1 ደግሞ 33,300። ይሄን ጊሩም ጎማውም ሞተሩም መቻል አለበት፣ ኢኤስሲው ላይ እስከ ስንት ኤስ እንደሚችል ተጽፏል፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ከፈቀደላችሁም ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ጊር ጥርሷ ባነሰ ቀይሯት፣ ካልሆነ ሞተሩ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል።

ሶኬቱ

የኒኬሉ ባትሪ ወፍራም ገመድ ላይ ያለው ነጩ የታሚያ ሶኬት ለሊፖ ከረንት አይሆንም፣ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ካያችሁት ምልክቱ እሱ ነው። ኤክስቲ60 ወይ ዲንስ የሚባሉትን ሶኬቶች አድርጉ። ሲበየድ ግን የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ባንዴ እንዳትቆርጡ!! መቁረጫው ሁለቱን ሲነካ ሾርት ነው፣ ብልጭ ሲል እጃችሁም ባትሪውም ይጎዳል። አንዱን ቁረጡ፣ በይዱ፣ መሸፈኛውን አልብሱ፣ ከዛ ወደ ሌላኛው። ቀይና ጥቁሩን ከመሰካታችሁ በፊት በቮልት መለኪያ አረጋግጡ፣ ተገላብጦ ከተሰካ ብዙው ኢኤስሲ በዛችው ሰከንድ ነው የሚቃጠለው።

የባትሪ ማስቀመጫውን ስፋትም ለኩ፣ መኪና ከሆነ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ባትሪ ግዙ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ አዲሱ ስለሚቀል ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሳታስተካክሉ እንዳታበሩ።

በኒኬል ልማድ ማስቀመጥ

ድሮ ሙልጭ አድርጎ ጨርሶ ነው የሚቀመጠው ይባል ነበር፣ ሊፖ ላይ ይሄ መግደል ነው። ሞልቶ ለሳምንታት መቀመጡም አይወድለትም። ቻርጀሩ ላይ ስቶሬጅ የሚል አለ፣ በሴል 3.8 አካባቢ ያደርግላችኋል። ነድታችሁ ስትጨርሱ ባትሪውን ንቀሉት፣ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ኢኤስሲው ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ሊመጥ ይችላል፣ ቀናት ተረስቶ ዜሮ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ያበጠውን ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው የለም፣ አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ይቅር።

ሪሞቱና ሪሲቨሩ

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። በመልክ ቁርጥ ዶብል ኤ ባትሪ የሚመስሉ ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ሴሎች አሉ። 4 ባትሪ የሚወስድ ሪሞት 6 ቮልት ነው የሚጠብቀው፣ እነሱን ከከተታችሁበት 14.8 ትሰጡታላችሁ፣ በቃ ተሰናበቱት። ሪሞቱ ላይ ኒኬሉን ተዉት፣ 4ቱ 4.8 ስለሚሆኑ ማኑዋሉ ቻርጅ የሚደረግ ይችላል ማለቱን ብቻ እዩ። ለሪሲቨር (የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው) ለብቻው ባትሪ ያላቸው ሞዴሎችም እንደዛው ናቸው፣ 2ኤስ ሊፖ ሲሞላ 8.4 ስለሆነ ለ6 ቮልት የተሠራ ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ይቃጠላል፣ መሀል ላይ ቮልት የሚቀንስ ቤክ አስገቡበት፣ ወይ ሰርቮውም ሪሲቨሩም ከፍተኛ ቮልት እንደሚችሉ ማኑዋላቸው ላይ አይታችሁ ቀጥታ ስጡት።