በደጋ ፀሐይ የሚፈረፈር ፕላስቲክ፦ ችግሩና መፍትሄው

ደብረ ብርሃንና መንዝ ብርዱ ስለሚበረታ፣ ፕላስቲክ ደጅ ቢከርም ምንም የማይሆን ይመስላል። ይህ ብዙ ንብረት ያስበላ ስህተት ነው። ፕላስቲክን በዋናነት የሚበላው ዓይን የማያየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ እሱ ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከእርሷ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ቆላ ላይ ሙቀቱ ጉዳቱን ያፋጥነዋል፤ ደጋ ላይ ጨረሩ ይበረታል።

ማዳበሪያው ሲነሳ ይበጣጠሳል፣ እጅ ላይ ብናኝ ይቀራል

ማዳበሪያ የሚሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ክር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር በሞል 400 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ይዟል፤ ካርቦንን ከካርቦን ያያያዘውን ትስስር ለመበጠስ 350 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ንጹሕ ፕላስቲክ ጨረሩን እምብዛም አይውጥም፤ የሚውጠው ሲመረት የቀረው የካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ ማፋጠኛ) ቅሪት ነው። ከዚያ ሃይድሮጅን ይነቀላል፣ በቦታው ኦክስጅን ይገባል፣ ፐርኦክሳይድ የተባለ በቀላሉ የሚፈርስ ውህድ ይፈጠራል። ፐርኦክሳይዱ ሲፈርስ ረጅሙ ሰንሰለት ይቆረጣል። ፖሊፕሮፒሊን ከፖሊኢቲሊን (ከላስቲክና ከጀሪካን ፕላስቲክ) ቀድሞ የሚያረጀው በየሁለት ካርቦኑ በቀላሉ የሚነቀል ሃይድሮጅን ስላለው ነው።

ለማረጋገጥ ፀሐይ ከሚያየው ጎንና ከሥሩ አንዳንድ ክር መዝዘው ይሳቡ። የሥሩ ሲለጠጥ የላይኛው ቀጭ ካለ፣ ማዳበሪያው አልቋል፤ የተቆረጠ ሰንሰለት አይቀጠልም። ሳያነሱት እህሉን በቁና እየቀዱ ወደ አዲስ ያዛውሩ፤ ብጥስጣሹ ከጤፍ ጋር ከተቀላቀለ ለቅሞ መጨረስ ከባድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ደግሞ አይንኩት። ፖሊፕሮፒሊን ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ተሰባሪ ስለሚሆን ረፋዱን ይጠብቁ።

የግሪን ሃውስ ላስቲክ ብረቱ ላይ ብቻ ይቀደዳል

ብረቱ በፀሐይ ሲግል ከሱ ጋር የተነካካው ላስቲክ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ተዋህዶ ያረጃል። ላስቲኩን ከውጭ፣ በብረቱ ልክ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ይቀቡት። ቅዳዱ ከብረቱ ርቆም ከታየ የሚረጩትን መድኃኒት ይመርምሩ፦ ከድኝ የሚመነጨው አሲድ በላስቲኩ ውስጥ ያለውን አሚናዊ (ከአሚን ኬሚካል የተሠራ) የጨረር መከላከያ ያመክነዋል። ድኝ የግድ ከሆነ ግሪን ሃውሱን በደንብ ያናፍሱ፤ ሲገዙም 200 ማይክሮን ውፍረት ያለውንና የጨረር መከላከያ የገባበትን ይምረጡ።

ጀሪካኑ ኖራ የተቀባ ይመስላል

አውራ ጣትዎን ይሹበት። ዱቄት ከወጣ ያረጀው የላዩ ስስ ሽፋን ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ግን ከዚያው ነው። በጋለ ብረት አቅልጦ መድፈን ብዙ ጊዜ የማይይዘው ባረጀው ሽፋን ላይ ስለሚለጠፍ ነው፤ አዲሱ ፕላስቲክ እስኪታይ ድረስ ፍቀው ይድፈኑ። የተደፈነውን ለነዳጅ አይጠቀሙበት። ደጅ ለሚውል ታንከርና ቱቦ ጥቁሩ ይሻላል፦ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን ላዩ ላይ ያስቀረዋል።

ፀሐይ ያላየው ስሪንጅ ቢጫ ሆኗል

በጋማ ጨረር ከጀርም የጸዳ ከሆነ ኬሚስትሪው ያው ነው። ኮባልት 60 ወደ ኒኬል 60 ሲለወጥ የሚወጣው ጋማ፣ በተለመደው 25 ኪሎግሬይ (የጨረር መለኪያ) መጠን፣ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። በፕላስቲኩ ክሪስታል ውስጥ የታሰሩት ራዲካሎች (ሰንሰለቱ ሲበጠስ የቀሩት ንቁ ጫፎች) ከዚያ በኋላም ለወራት ከኦክስጅን ጋር መዋሃዳቸውን ይቀጥላሉ። ቢጫው በአብዛኛው የኦክሳይድ መከላከያው የተለወጠበት ነው፤ ስሪንጁም ራዲዮአክቲቭ አይሆንም። ክንፉ ሲጫኑት ከተሰነጠቀ ወይም ጊዜው ካለፈ ግን ከነጓዙ ያስወግዱት።