ጥቁርና ነጭ ፊልም እቤት ውስጥ እንዴት ይታጠባል?

ፊልም ለማጠብ ጨለማ ክፍል የግድ አይደለም። ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙ ከካሴቱ ወጥቶ ታንኩ (ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ዕቃ) ውስጥ እስኪከደንበት ብቻ ነው፤ የቀረው መብራት በርቶ ይሠራል። ለጀማሪ ባለቀለሙ ይቅር፤ ኬሚካሉ ከ38 ዲግሪ ዝንፍ ማለት የለበትም። ጥቁርና ነጩ በ20 ዲግሪ ይታጠባል። እዚህ የያዝነው ኢልፎርድ ኤችፒ5 የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።

ሲያነሱ አይኤስኦውን (የፊልሙን የብርሃን ስሜት ቁጥር) 400 ላይ ያድርጉ። የብርሃን መለኪያው ባይሠራም በጠራ ፀሐይ የሌንሱ ቀዳዳ 16፣ ፍጥነቱ 1/500 ይሁን። ፊልሙ አልቆ ወደ ካሴቱ መልሰው ሲያጠነጥኑት እጀታው ድንገት ቀለል ሲልዎት ያቁሙ፤ ጫፉ ውጭ ይቀራል። ቀጥ አድርገው ቆርጠው ማዕዘኖቹን በመቀስ ክብ ያድርጓቸው።

ፈተናው ፊልሙን ሪሉ (ታንኩ ውስጥ የሚገባው መጠቅለያ) ላይ፣ ብርሃን በማያሳልፍና እጅ ብቻ በሚያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ መጠቅለል ነው። በተበላሸ ፊልም መጀመሪያ እያዩ፣ ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ይለማመዱ። ሪሉ ላይ ጠብታ ውሃ ካለ ፊልሙ ይያዛል። ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ብዙ ከቆዩም እጅ ያልበዋል፣ ያው ነው። አልሄድ ካለ አይግፉ፤ ፊልሙ ይታጠፍና እርስ በርሱ የተነካካው ቦታ ኬሚካል ሳይደርሰው ይቀራል። ሁሉንም ታንኩ ውስጥ ከተው ይክደኑ፣ እጅዎን አውጥተው ያድርቁ፣ አረፍ ብለው ይመለሱ።

በጃኬት ሸፍነው የሚሠሩ አሉ፤ እኔ አላምነውም፣ በእጅጌው ብርሃን ይገባል። ከረጢት ከሌለ መስኮት የሌለው ክፍል በሌሊት ይሻላል። መብራት የጠፋበት ሌሊት ለዚህ ሥራ ምርቃት ነው። ከመክደንዎ በፊት ሪሉ የሚሰካበት የመሃሉ ቱቦ መግባቱን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ያለ እሱ ብርሃን በክዳኑ ቀዳዳ ይገባል።

አይዲ-11 ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) 150 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 150፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ታንኩን 4 ጊዜ ይገልብጡ፣ ከዚያ በየደቂቃው ይህንኑ ይድገሙ። ገልብጠው ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ መታ ያድርጉት፣ አረፋው እንዲለቅ። ቴርሞሜትር ላይ አይሰስቱ፤ ከውድ ሌንስ እሱ ይቅደም። ደፍተው በውሃ ያለቅልቁና ፊክሰሩን (ምስሉን የሚያጸናውን ኬሚካል)፣ 1 እጅ ለ4 እጅ ውሃ፣ 5 ደቂቃ ያቆዩት። ፊክሰሩን አይድፉት፣ ደግሞ ያገለግላል። የምግብ ዕቃ ግን እዚህ አይግባ።

ለእጥበቱ ታንኩን በውሃ ሞልተው 5 ጊዜ ገልብጠው ይድፉ፣ እንደገና ሞልተው 10፣ ከዚያ 20። ውሃ ስለሚቆጥብ፣ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ (አሲዱ አይደለም!) ያለቅልቁት፤ የቧንቧው ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቅለው፣ ታችኛውን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ አክብደው በሩን ይዝጉ። ሲደርቅ ስድስት ስድስት ፎቶ እየቆረጡ ያስቀምጡ።