ጥርስን በሌዘር ሲቦረቡሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኧርቢየም-ያግ ሌዘር ጥርስን የሚቦረቡረው በማቃጠል አይደለም። የ2940 ናኖሜትር ጨረሩን ውሃ በከፍተኛ ኃይል ይመጠዋል። ጥርሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ውሃ በማይክሮሰከንዶች ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳና በዙሪያው ያለውን ማዕድን ፈልፍሎ ያወጣል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ከመዘንጋት ነው።

ለድድ የተሠራን ሌዘር ለጥርስ መጠቀም። ዳዮድ እና የ1064 ናኖሜትሩ ኤንዲ-ያግ የተባሉት የድድ ሌዘሮች በውሃ እምብዛም ስለማይመጠጡ ጨረራቸው ጥርሱን ሳይቦረቡር ወደ ውስጥ ዘልቆ ፐልፑን (ነርቭና ደም ሥር ያለበትን የጥርሱን የውስጥ ክፍል) ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሩቢ ሌዘር የተደረጉት ሙከራዎችም በሙቀት ጉዳት ነው የተሰናከሉት። ኧርቢየም-ያግ በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

የውሃውን ርጭት አለመከታተል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዝንጀሮ ጥርሶች ላይ በተደረገ ጥናት የፐልፑ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ከፐልፖቹ 15 በመቶው አላገገሙም። ሌዘሩ ያለ ውሃ ከተተኮሰ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ማሽኑ ላይ ውሃው ተከፍቶም ጥርሱ ደረቅ ሊሆን ይችላል፦ አንዱ ቀዳዳ በኖራ ይደፈናል፣ ወይም ረዳቱ ሰከሩን (ምራቅና ውሃ የሚስበውን ቱቦ) ከቲፑ (ጨረሩ ከሚወጣበት ጫፍ) አጠገብ አድርጎ ርጭቱን ጥርሱ ላይ ሳያርፍ ይስበዋል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ርጭቱን ጓንትዎ ላይ ይሞክሩት፤ ደቃቅ ሆኖ ቲፑን ዙሪያውን መክበብ አለበት። ሰከሩም ትንሽ ራቅ ይበል። በሌላ በኩል ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ጨረሩን ጥርሱ ጋ ሳይደርስ ይመጠዋል፤ ይህም ሥራውን ያዘገየዋል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ ዴንቲኑ (ከጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን ሥር ያለው ክፍል) ከጠቆረ ወይም ጥርት ያለው የፍንዳታ ድምፅ ከደነዘዘ ወዲያውኑ ያቁሙ።

ዋቱን ብቻ ማየት። 200 ሚሊጁል በ20 ሄርዝ 4 ዋት ነው። 400 ሚሊጁል በ10 ሄርዝም፣ 80 ሚሊጁል በ50 ሄርዝም እንዲሁ 4 ዋት ናቸው። ጥርሱ ላይ የሚያደርሱት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ወሳኙ በአንድ ፐልስ (በአንድ የጨረር ምት) ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ኃይልና የሚያርፍበት ስፋት ነው። 200 ሚሊጁል 0.6 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ነጥብ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሴንቲሜትር 70 ጁል ያህል ይሆናል። ነጥቡ ወደ 1.2 ሚሊሜትር ከሰፋ ወደ 18 ይወርዳል፤ የኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን) መፈንዳት ይዳከማል፣ መሞቁም ይጨምራል። ኢናሜል በክብደት ከ4 በመቶ ያልበለጠ ውሃ ስላለው ከ250 እስከ 300 ሚሊጁል በ15 ወይም 20 ሄርዝ መነሻ ሊሆን ይችላል። ዴንቲን 10 በመቶ ያህል ውሃ ስላለው ከ150 እስከ 200 ይበቃዋል፤ ፐልፑ ሲቃረብ ወደ 100 ገደማ ዝቅ ያድርጉ፣ ሄርዙንም ይቀንሱ። የፐልሱ ርዝመትም አይረሳ፦ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ ሲሆን ሙቀቱ ሳይዛመት ፍንዳታው ያልቃል፣ ወደ 1000 ሲጠጋ ግን ለመዛመት ጊዜ ያገኛል።

እንደ ድሪል መጫን። ቲፑ ጥርሱን ከነካ ሊሰበር ወይም ጫፉ ሊቃጠል ይችላል። ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር አርቀው ያለማቋረጥ ያንቀሳቅሱት፤ ቲፕ በሌላቸው ሃንድፒሶች (በእጅ የሚያዙ የሌዘሩ ክፍሎች) ርቀቱ ከዚህ ስለሚበልጥ የአምራቹን መመሪያ ይከተሉ። ከድሪል የለመዱት የእጅ ስሜት እዚህ የለም። የተበላው ክፍል ብዙ ውሃ ስላለው ከጤናማው ፈጥኖ ይወጣል፣ ጉድጓዱም ሳይታሰብ ይጠልቃል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እያቆሙ በኤክስፕሎረር (በሹሉ የጥርስ መመርመሪያ) ይፈትሹ።

አማልጋም (ሜርኩሪ ያለበት የብረት ሙሌት) ላይ መተኮስ። ብረቱ ጨረሩን ያንጸባርቃል፣ ሲሞቅም የሜርኩሪ ትነት ይለቃል። አማልጋም በድሪል ነው የሚወጣው።

ሻካራውን ዴንቲን አይቶ አሲዱን መዝለል። ሌዘሩ ስሚር ሌየር (ድሪል የሚተወውን ስስ የፍርፋሪ ንብርብር) ስለማይተው ጥርሱ ለቦንዲንግ (ሙሌቱን ለማጣበቅ) የተዘጋጀ ይመስላል። ነገር ግን የላይኛው ስስ የዴንቲን ንብርብር ውስጥ ኮላጅኑ በሙቀት ተጣብቋል፤ ቦንዱ በደንብ ሰርጎ ስለማይገባ ኮምፖዚቱ (የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት) ቀስ በቀስ ይላቀቃል። በመጨረሻ በዝቅተኛ ኃይል አለስልሰው፣ ከዚያ የቦንዱ መመሪያ በሚያዘው ጊዜ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ይቀቡ።

ያገኙትን መነጽር ማድረግ። መነጽሩ ላይ 2940 የሚለው ቁጥር መጻፍ አለበት፤ ለዳዮድ የተሠራው ለኧርቢየም አይሆንም። ይህ ጨረር የሚጎዳው የዓይንን የፊት ሽፋን ነው፣ ከብረት መስታወትም ይንጸባረቃል። ታካሚውም ረዳቱም ሳይቀሩ ያድርጉት። ሃንድፒሱን ከአፍ ከማውጣትዎ በፊት እግርዎን ከፔዳሉ ያንሱ፣ ማሽኑንም ወደ ስታንድባይ ይመልሱ።